ጣሊያን ምግብ በትልቅ ሆቴል ወይስ ከተማው ውስጥ? ከመምረጣችሁ በፊት

አዲስ አበባ ለጣሊያን ምግብ እንግዳ አይደለችም። ፓስታ በስጎ ሳይበላ ያደገ የከተማ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። ላዛኛ የልደትና የምርቃት ድግስ ላይ መቅረብ ከጀመረ ቆይቷል። ፒዛ ቤትም በየሰፈሩ አለ። ስለዚህ አንዱ "ዛሬ ራት ትልቅ ሆቴል ገብተን ጣሊያን እንብላ" ሲል ሌላው "ለፓስታ ነው ይሄ ሁሉ ብር?" ቢለው አይፈረድበትም።

መልሱ ከማን ጋር እንደምትሄዱና ምን እንደምታዙ ይወሰናል። እኔ የምመራበት አንድ መለኪያ አለኝ። ከተማው ውስጥ በጥሩ ሁኔታ የሚሠራውን ምግብ ሆቴል ገብቼ አላዝም። ሆቴል የምገባው ሌላ ቦታ በደንብ የማይገኘውን ለመብላት፣ ወይም ጸጥ ያለ ረጅም ምሽት ስፈልግ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከሌለ ብሩ ይቆጨኛል።

ምርጫዎቹ

የሆቴል ጣሊያን ምግብ ሲነሳ ብዙ ሰው አፍ ላይ ቀድሞ የሚመጣው ሸራተን አዲስ ነው። ሆቴሉ እ.ኤ.አ. በ1998 ሥራ የጀመረ ሲሆን ስታጂዮኒ የሚባለው የጣሊያን ሬስቶራንቱ ለዓመታት የሚታወቅ ነው። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ በሥርዓት የሚቀርብ ወይን፣ ኮርስ በኮርስ የሚመጣ ምግብ የሚጠበቀው እንዲህ ያለ ቤት ነው። ሒልተን ደግሞ ከእርሱ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ይቀድማል፤ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። እዚያ የሚያምረው በላሊበላ መስቀል ቅርጽ የተሠራውና በፍል ውኃ የሚሞላው መዋኛ አካባቢ ቁጭ ብሎ ፒዛ መብላት ነው። ሁለቱም ሆቴል ናቸው፤ የሚሰጡት ምሽት ግን ለየቅል ነው። አንዱ ለብሳችሁ የምትሄዱበት ነው። ሌላው ልጆቹን ይዛችሁ ቅዳሜ ከሰዓት የምታሳልፉበት ነው።

ከሆቴል ውጪ ደግሞ የራሱ ታሪክ ያለው ሌላ መስመር አለ። የጣሊያን ማኅበረሰብ ክለብ የሆነው ጁቬንቱስ ምሳ ሰዓት ላይ ቤተኛ የሆኑ ደንበኞች የሚሞሉት ቤት ነው። ቦሌ መንገድ ላይ ያለው ማኩሽ ግድግዳው በሙሉ በኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎች ሥራ የተሸፈነ ስለሆነ ምግቡ እስኪመጣ የምታዩት አታጡም። ፒያሳ ላይ ካስቴሊ ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ትውልድ ያስተናገደ ስም ነው። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. በብዛት ከፈረሰች ወዲህ ግን ወደዚያ ሰፈር በትዝታ ብቻ አትሂዱ፤ ቀድማችሁ ደውሉ።

ከማን ጋር ነው የምትሄዱት?

የሥራ ራት ከሆነ ሆቴሉን ምረጡ። ብዙም ማሰብ አያስፈልገውም። መኪና ማቆሚያ አለ፣ ጥበቃ አለ፣ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር አለ፣ ከጎናችሁ ያለው ጠረጴዛ ወሬያችሁን አይሰማም። ከውጭ የመጣ የሥራ እንግዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያው ወይም አቅራቢያው ነው የሚያርፈው።

ለእጮኛ፣ ለትዳር ዓመት፣ ለትልቅ ምሽትም ሆቴሉ ያዋጣል፤ ግን ቦታ ስታስይዙ ምክንያቱን ተናገሩ። ለጋብቻ ዓመት መሆኑን ካወቁ ከኩሽናው በር ርቆ፣ ከመስኮት አጠገብ ያለ ጠረጴዛ ይሰጧችኋል። ዝም ብላችሁ "ለሁለት ሰው" ካላችሁ ግን የተገኘውን ነው የምታገኙት።

እናትና አባትን ይዞ መሄድ ሌላ ነው። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የመጣ ልጅ ወላጆቹን ትልቅ ሆቴል መጋበዝ ይወዳል፤ ደስ የሚል ነገርም ነው። ነገር ግን እማማ የማያውቁት ስም የሞላበት ሜኑ ፊት ለፊት ሲቀመጡ "አንተ እንዳልክ ልጄ" ብለው ዝም ይላሉ። ከዚያ በጥሬው የቀረ የሚመስል ፓስታ ይመጣል፤ ለክብር ሲሉ ሁለት ጉርሻ ይወስዳሉ። እንዲህ ለሆነ ቀን ላዛኛና አሮስቶ በደንብ የሚሠራ የከተማ ሬስቶራንት ይሻላል ባይ ነኝ። ሆቴል ካላችሁም ምሳ ሰዓት ይሁን፣ ብርሃን ያለው ቦታ ይሁን፣ ሜኑውን አንድ በአንድ በአማርኛ ንገሯቸው። ፓስታውንም "በደንብ ይብሰል" ብላችሁ እዘዙ። ጣሊያኖች ጥርስ ላይ ትንሽ ጠንከር እንዲል ይፈልጋሉ፤ ወላጆቻችሁ እንደዚያ የመውደድ ግዴታ የለባቸውም።

ልጆች ካሉ ነገሩ ቀላል ነው፦ ፒዛ፣ ሜዳ፣ አየር። ኮርስ በኮርስ የሚቀርብ ራት ለስድስት ዓመት ልጅ ቅጣት ነው።

ሒሳቡ

ሜኑ ላይ የተጻፈው ዋጋ የመጨረሻው ላይሆን ይችላል። ትልልቅ ሆቴሎች አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራሉ። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ይመጣል። ስለዚህ 1,000 ብር የተጻፈበት ምግብ መጀመሪያ 1,100 ይሆናል፤ ቫቱ ሲታከልበት 1,265 ብር። አራት ሆናችሁ ሁለት ሁለት ምግብ ብታዙና እያንዳንዱ 1,000 ብር ቢሆን፣ ሜኑ ላይ ያላያችሁት 2,120 ብር ይመጣባችኋል። ሜኑው ግርጌ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ወይም በሁለት የመደመር ምልክት ይገለጻልና ከማዘዛችሁ በፊት ወደ ታች ተመልከቱ። ተጋባዥ ፊት ይህን መጠየቅ የሚያሳፍራችሁ ከሆነ ቦታ ስታስይዙ በስልክ ጠይቁ።

የአገልግሎት ክፍያው ሒሳቡ ውስጥ ካለ ተጨማሪ ቲፕ ግዴታ አይደለም። በጥሩ ሁኔታ ያስተናገዳችሁን ሰው ግን በእጁ ብትሰጡት ደስ ይለዋል።

ሳይታወቅ ሒሳብ የሚያበዛው ውኃ ነው። አስተናጋጁ "ውኃ ላምጣ?" ሲል "አዎ" ካላችሁ ከጣሊያን የመጣ ጋዝ ያለው ውኃ ሊከፈትላችሁ ይችላል። አምቦ በተፈጥሮው ጋዝ ያለው፣ ከባድ ምግብ የሚያንሸራሽር ውኃ ነው። ካላቸው እርሱን በስሙ እዘዙ።

ሆቴሉን ከመረጣችሁ ምን ትበላላችሁ?

ስፓጌቲ ቦሎኛና ማርጋሪታ ፒዛ በየቦታው አሉ። ለነዚህ ሆቴል መግባት አይገባም። በተለይ ፒዛ ላይ የማገዶ ምድጃ ያለው ጥሩ የከተማ ፒዛ ቤት ትልቁን ሆቴል ሊያስንቅ ይችላል። የናፖሊ ፒዛ ከ430 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚሞቅ ምድጃ ውስጥ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በማይበልጥ ጊዜ የሚወጣ ነገር ነው። ወሳኙ ምድጃውና ሊጡ ናቸው፤ የጠረጴዛው ልብስ ምንም አይጨምርለትም።

ሆቴል ውስጥ እኔ የማዘው ሪዞቶ ነው። ሰው የሚሻው፣ ጊዜ የሚሻው ምግብ ስለሆነ። ካርናሮሊ ወይም አርቦሪዮ የሚባለው የሰሜን ጣሊያን ሩዝ በቅቤና በሽንኩርት ይቆላል፤ ነጭ ወይን ይጨመርበታል፤ ከዚያ ትኩስ መረቅ በጭልፋ በጭልፋ እየተጨመረ ሳይቋረጥ ይማሰላል። 18 ደቂቃ ያህል አንድ ሰው ከምድጃው ፊት መነሳት የለበትም። በመጨረሻ ከእሳት ወርዶ ቀዝቃዛ ቅቤና የተፈቀፈቀ ፓርሚጃኖ አይብ ይገባበታል። ሲቀርብላችሁ ሳህኑን በጣታችሁ ከጎን መታ አድርጉት። ሩዙ ቀስ ብሎ ወደ ዳር ከፈሰሰ በትክክል ተሠርቷል። እንደ ገንፎ ተቆልሎ ከቀረ ቆይቶ የደረቀ ነው። ባዘዛችሁ በአምስት ደቂቃ ከመጣም ቀድሞ በስሎ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ለሪዞቶ "ትንሽ ጊዜ ይወስዳል" የሚል አስተናጋጅ ጥሩ ምልክት ነው፤ አትቆጡት።

ሁለተኛው በእጅ የተሠራ ትኩስ ፓስታ ነው፦ ራቪዮሊ፣ ታሊያቴሌ፣ ኞኪ። "እዚሁ ነው የምትሠሩት?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ "አዎ" ከሆነ ደረቁን ፓስታ ተዉትና ይህን እዘዙ።

ደረቅ ፓስታ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ አይደለም፤ ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ፓኬቱ ላይ "9 ደቂቃ" የሚለው እዚህ አይሠራም፣ የበለጠ ይፈልጋል። ችኩል ኩሽና ቀድሞ ቀቅሎ ያስቀምጠውና ሲታዘዝ ሞቅ ያደርገዋል። ጥሩ ኩሽና ፓስታውን ትንሽ ሲቀረው አውጥቶ መጥበሻ ላይ ከስጎው ጋር፣ ከራሱ የቅቅል ውኃ ጥቂት ጨምሮ ያበስለዋል። ልዩነቱን በልታችሁ ስትጨርሱ ታዩታላችሁ። በደንብ የተሠራ ከሆነ ስጎው ፓስታው ላይ ተጣብቆ ያልቃል። ካልሆነ ሳህኑ ሥር ቀይ ውኃ ይቀራል።

ዓሣ ላይ የባሕር ነገር ያጓጓል። ሽሪምፑም ቀንድ አውጣ መሳዩም ግን በአውሮፕላን፣ አብዛኛውን ጊዜ በረዶ ሆኖ የሚመጣ ነው። ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። ሼፉ ከዝዋይ ቆሮሶ ወይም ከጫሞ ነጭ ዓሣ ካለው እኔ ወደዚያ ነው የማደላው። በወይራ ዘይት፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በቲማቲምና በኬፐር የተሠራ ትኩስ የሐይቅ ዓሣ በረዶ የነበረውን ሽሪምፕ ያስረሳል።

ጥሬ ሥጋ የምትወዱ ካላችሁ ካርፓቾን ሳትሞክሩ አትውጡ። እ.ኤ.አ. በ1950 ቬኒስ ውስጥ ሃሪስ ባር በሚባል ቤት ጁዜፔ ቺፕሪያኒ የጀመረው ምግብ ነው። ሥጋው እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ይቆረጥና ቀለል ያለ ስጎ ይፈስበታል። ቁርጥ ለለመደ ሰው ሥጋው ራሱ ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ ለመለየት አይከብድም። ሚጥሚጣ መጠየቅም ነውር የለውም። እኔ ግን መጀመሪያ ያለ ሚጥሚጣ ቅመሱት እላለሁ።

ጾም፣ አሳማና አልኮል

ይህ ክፍል ላይ ረጋ እላለሁ፤ ብዙ ሰው ምሽቱ የሚበላሽበት እዚህ ጋ ነው።

የከተማው ሬስቶራንት ውስጥ "የጾም" ስትሉ ነገሩ አለቀ፤ አስተናጋጁም አብሳዩም ያውቁታል። ሆቴል ውስጥ ግን ሼፉ የውጭ ሰው ሊሆን ይችላል። ትእዛዙ ኩሽና ሲደርስ "ሥጋ የሌለበት" ተብሎ ይተረጎምና አይብ የተነሰነሰበት አትክልት ይመጣል። ስለዚህ ዘርዝሩ፦ ቅቤ፣ ወተት፣ አይብ፣ ክሬም፣ እንቁላል እንዳይገባ። በተለይ እንቁላልን አትርሱ። በእጅ የሚሠራው ትኩስ ፓስታ ብዙውን ጊዜ በእንቁላል የሚቦካ ነው። ደረቁ ፓስታ ግን በአብዛኛው የስንዴ ዱቄትና ውኃ ብቻ ነው። ስለዚህ በጾም ቀን ከላይ የሰጠሁት ምክር ይገለበጣል፤ ደረቁን ምረጡ። ሪዞቶም በቅቤና በአይብ ስለሚያልቅ ይቅር። ፔስቶ የሚባለው የበሶብላ ስጎ አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ የጾም እንዳይመስላችሁ፤ አይብ አለበት። ሚኒስትሮኔ ሾርባም በሥጋ መረቅ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ምን ይቀራል? ብዙ። ስፓጌቲ በነጭ ሽንኩርት፣ በወይራ ዘይትና በደረቅ ቃሪያ፤ ፔኔ አራቢያታ፤ አይብ የሌለው ማሪናራ ፒዛ፤ በቲማቲምና በበሶብላ የተሠራ ብሩስኬታ፤ የተጠበሰ አትክልት። ከዚያ የፍራፍሬ ሶርቤ። ረቡዕና ዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም ለዚህ ብቻ ሆቴል መግባት ግን ያዋጣል አልልም። የከተማው ቤት በጾም ምግብ ይበልጣል።

አሳማ ላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያው መጠንቀቅ ነው። ፕሮሹቶ፣ ፓንቼታ፣ ጓንቻሌ፣ ሳላሚ የሚሉ ስሞች አብዛኛውን ጊዜ አሳማ ናቸው። ካርቦናራ በጓንቻሌ የሚሠራ ነው። በበሬ ወይም በተርኪ የሚተኩ ቤቶች አሉና ጠይቁ። ላዛኛና ራጉ (የሥጋ ስጎ) ውስጥም የበሬና የአሳማ ሥጋ ተቀላቅሎ መፈጨቱ የተለመደ ነው። ፓና ኮታ የሚባለው ጣፋጭ የሚረጋው በጀላቲን ነው፤ እርሱም ከአሳማ የተገኘ ሊሆን ይችላል።

አልኮል የማትነኩ ከሆነ ደግሞ ወይን ብርጭቆ ውስጥ ብቻ እንዳልሆነ አስቡ። ሪዞቶና ራጉ ወይን ይገባባቸዋል፤ ቲራሚሱ የሚባለው ጣፋጭም ብዙ ጊዜ ማርሳላ የሚባል ወይን ወይም ረም የሚባል አልኮል አለበት። ከጅዳ ወይም ከዱባይ ለእረፍት የመጣ ቤተሰብ ስትጋብዙ ይህን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ከመጠየቅ፣ ቦታ ስታስይዙ መናገር ይሻላል። ጥሩ ሆቴል ከተዘጋጀ ለብቻው ይሠራላችኋል። እዚህ ላይ ሆቴሉ ከብዙ የከተማ ቤቶች ይሻላል።

ወይኑ

የጣሊያን ጠርሙስ ሆቴል ውስጥ ሲደርስ ቀረጡ፣ ኤክሳይዙና የቤቱ ትርፍ ተጨምሮበት ነው። የወይን እውቀት ያለው እንግዳ ካልያዛችሁ ያን ያህል ማውጣት አያስፈልግም። ካስቴል የሚባለው የወይን ድርጅት ዝዋይ አካባቢ ካለው የወይን እርሻው የሚያወጣው ሪፍት ቫሊ ደረቅ ወይን ነው፤ ሲራው ከራጉና ከጥብስ ሥጋ ጋር፣ ሻርዶኔው ከዓሣ ጋር ይሄዳል። አካሺያ ግን ለስለስ ያለ ጣፋጭነት ስላለው ከጨው ምግብ ጋር ይጋጫል፤ እርሱን ደረቅ ወይን ለማይወድ ሰው ተዉለት። ከውጭ የመጣ እንግዳም የኢትዮጵያ ወይን መቅመስ ከአገሩ ወይን ይልቅ ያስደስተዋል።

ቡፌ ወይስ ከሜኑ?

ቡፌ ላይ ያለ ፓስታ አይበላም። ከሥሩ እሳት ባለበት ትሪ ውስጥ ሩብ ሰዓት ከቆየ ይላሽቃል። አብሳዩ ፊታችሁ ቆሞ በመጥበሻ የሚሠራበት ጥግ ካለ ሌላ ነገር ነው፤ ወረፋ ይዛችሁም ቢሆን ያዋጣል። ያለዚያ ቡፌ የሚጠቅመው ለብዙ ሰው፣ ለልጆችና ሰላጣና አንቲፓስቶ (ከዋናው ምግብ በፊት የሚቀርብ መክፈቻ) ለሚወድ ሰው ነው። ለሁለትና ለሦስት ሰው ከሜኑ ማዘዝ ይበልጣል። ከሜኑ ስታዙ ደግሞ አራቱንም ኮርስ አትውሰዱ። አንድ አንቲፓስቶ ለሁለት፣ ለየራሳችሁ አንድ አንድ ዋና ምግብ፣ አንድ ጣፋጭ ለሁለት በቂ ነው። ፓስታውን ለሁለት ሳህን ከፍላችሁ አምጡ ብትሉም ማንም ቅር አይለውም።

ማኪያቶው ላይ ግን ነፃ ናችሁ። ጣሊያኖች ከራት በኋላ ወተት ያለበት ቡና ያዘዘ ሰው ሲያዩ ይገረማሉ፤ እኛ ጋ ማኪያቶ በማንኛውም ሰዓት ማኪያቶ ነው።

ስትደውሉ

ሆቴሉን ከመረጣችሁ በዚያው ቀን ሳይሆን ቀደም ብላችሁ ደውሉ፤ በተለይ ለዓርብና ለቅዳሜ ምሽት። የሚከፈትበትን ሰዓት፣ ዋጋው ቫትና የአገልግሎት ክፍያን ያካተተ መሆኑን፣ የአለባበስ ሕግ መኖሩን፣ ትኩስ ፓስታ በዚያ ቀን መኖሩን ጠይቁ። ጾም ወይም ሐላል ካለ በዚያው ተናገሩና የመዘገበላችሁን ሰው ስም ያዙ። ስትደርሱ "ለእገሌ ነግሬው ነበር" ማለት ብዙ ያቀላል። መግቢያው ላይ ፍተሻ ስላለ ከቀጠሯችሁ ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ።